ጎማው ከመውለቁ በፊት

የአሮጌ ፎር ዊል መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታን በቤት ስለ መለወጥ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ዛሬ የምንነጋገርበት ብረት በአንድ መዳፍ የሚያዝ ነው። በአሮጌ ላንድክሩዘር ፊት በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ይገኛል። መኪና ሲገዛ ሞተሩ ይታያል፣ ካምቢዮው ይሞከራል፣ ጎማው በእግር ይመታል፤ ስለ ኩሽኔታው ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚታወሰው መጮህ ሲጀምር ነው። ሲጮህም ያልሰማው ሰው ጎማው ሲወልቅ ያስታውሰዋል።

ላስረዳችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ኩሽኔታ በእርጅና የሚሞተው ከስንት አንዱ ነው። ብዙውን የሚገድሉት ውሃ፣ ቆሻሻና ያለ ልክ የታሰረ ዳዶ ናቸው። ሦስቱንም ያወቀባቸው ባለመኪና ሊከላከላቸው ይችላል።

ከጋፋት እስከ ዛሬ

ከባድ ነገርን በጎማ ላይ ማንቀሳቀስ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ጣጣ አይደለም። እዚሁ ከከተማችን ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንትና በዋድላ በኩል የጂዳንና የበሽሎን ገደል አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ግድም መሆኑ ነው። መድፉን በጋሪ ላይ የጎተተው በመቶ የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። ዋናው ፈተና ገደሉና የመንገድ ጠረጋው እንደነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የጋሪ ጎማ የሚዞረው ዘንጉን እየፋቀ ስለነበር፣ ከሕዝቡ ጉልበት ከፊሉ የሚያልቀው ብረት ከብረት ወይም ብረት ከእንጨት ሲፋተግ ነው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ሄንሪ ቲምከን የሚባል ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ጋሪ ሠሪ አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጋሪ ሲታጠፍ ጎማው ከላይ በሚመጣው ክብደት ብቻ ሳይሆን ከጎን በሚመጣ ግፊትም እንደሚጨነቅ ስለተረዳ፣ በጎማውና በዘንጉ መካከል ሾጣጣ ሮለሮችን አስገባ። ሮለሮቹ አንድ ጫፋቸው ቀጠን፣ ሌላው ወፈር ያለ በመሆኑ የላዩንም የጎኑንም ጫና አብረው ይሸከማሉ። መፋተግ ቀርቶ መንከባለል ሆነ። ዛሬ በአሮጌው ላንድክሩዘር፣ በኒሳን ፓትሮል፣ በላንድሮቨር የፊት ጎማ ውስጥ የምናገኘው ይኸው የጋሪ ሠሪው ሐሳብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሪው ጋር ወዲያና ወዲህ የሚል፣ ግን የማይዞር ወፍራም ዘንግ አለ። በእሱ ላይ ሃብ የሚባለው፣ ዲስኩና ቸርኬው የሚታሰሩበት የጎማው እምብርት ይዞራል። በሁለቱ መካከል አንዱ ኩሽኔታ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ በኩል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የአንዱ ሹል ወደ ሌላው ያመለክታል፤ ስለዚህ መኪናው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቢታጠፍ ግፊቱን የሚቀበል አይጠፋም። ሁለቱን አቀራርቦ የሚይዘው በዘንጉ ጫፍ ያለው ትልቅ ዳዶ ነው። ዳዶው ከላላ ጎማው ይወላገዳል፤ ከጠበቀ ሮለሮቹ ተጨፍልቀው ይግላሉ። የዛሬው ትምህርታችን ግማሽ ያህሉ የዚህ ዳዶ ነገር ነው።

የእኛ አገር ለምን ይከብዳል?

አንድ የላንድክሩዘር ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 400 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ለመድረስ ብቻ 40,000 ዙር ነው። ዙሩ ብቻውን ኩሽኔታን አይጎዳም። የሚጎዳው በመንገዱ ላይ የሚገጥመው ነገር ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ የምናገኛት ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ። ከ40 ኪ.ሜ. ጥቂት በሚያልፍ መንገድ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል እንወርዳለን። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 70 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ያሞቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ከዚህ ብዙውን ሞተሩ ይቀበለዋል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ሙቀቱ ዲስኩ ላይ ያርፋል፤ ዲስኩም ከሃቡ ጋር የታሰረ ስለሆነ ወደ ኩሽኔታው ይሻገራል። ተራ ግሪስ እዚያ ቀጥኖ ይፈስሳል።

አሁን መኪናው ፎገራ ሜዳ ደረሰ እንበል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይለብሳል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና ሃቡ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። በሃቡ ውስጥ ያለው አየር ከ80 ዲግሪ ወደ 20 ሲወርድ መጠኑ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል። የጎደለውን ለመሙላት ከውጭ ይስባል፤ ውጭ ያለው ደግሞ ጭቃ ውሃ ነው። ውሃና ቆሻሻ ወደ ሃቡ እንዳይገባ የሚከለክለው ፓራኦሊዮ ያረጀ ከሆነ ውሃው ያለ ችግር ይገባል። ግሪሱ እንደ ወተት ይነጣል፣ ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ባለመኪናው ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል፤ ድምፁ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ በበጋው ነው። ለዚህ ነው ሰው ውሃውን ረስቶ መንገዱን የሚረግመው።

በሽታውን መለየት

የኩሽኔታ ሕመም ሦስት ምልክት አለው። የመጀመሪያው ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት ያለ ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ሳይሆን መኪናው ሲፈጥን ይጨምራል፤ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን ብታላቅቁትም አይጠፋም። ወደ አንድ ጎን ስትታጠፉ ጫናው ወደ ተቃራኒው ጎማ ስለሚሄድ ድምፁ ይጎላል ወይም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጥቂት መንገድ ሄዳችሁ፣ ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ስትቆሙ፣ የሁለቱን የፊት ጎማዎች እምብርት በጥንቃቄ በእጅ ጀርባ ዳስሱ። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ሦስተኛው መወላገድ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ኳ ኳ ካለ ላልቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድፍን አክሰል ባለው ላንድክሩዘር የሚወላገደው የጎማው ኩሽኔታ ላይሆን ይችላል። ጎማው ከመሪው ጋር የሚታጠፍበት ኪንግ ፒንም የራሱ ኩሽኔታዎች ስላሉት እሱም ይላላል። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝ አድርጉና ጎማውን እንደገና ነቅንቁት። ፍሬኑ ሃቡን ከቆመው ክፍል ጋር ስለሚያጣብቀው፣ መወላገዱ ከጠፋ በሽታው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ኪንግ ፒኑን ጠርጥሩ። ይህን የአንድ ደቂቃ ፈተና ሳያደርግ ኩሽኔታ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ቀኑንም ያጠፋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ደልዳላና ደረቅ ቦታ ምረጡ። የኋላ ጎማዎቹን በሁለት በኩል በሽብልቅ ያዙ። መኪናው ከተነሣ በኋላ አክሰሉን በብረት ማቆሚያ ወይም በወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ደግፉት። ድንጋይ አትመኑ፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አልተሠራም፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። የፍሬን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋም፤ በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል።

ከተለመዱት መፍቻዎች ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ለትልቁ ዳዶ የሚሆን ባለ 54 ቡሶላ ነው። ይህ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙ ጋራዥ ዳዶውን በስለት ብረትና በመዶሻ እየመታ ይፈታል፣ እየመታም ያስራል። ዳዶው ይጎረዳል፣ የተሰባበረው ብረት ግሪሱ ውስጥ ይገባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት እንደጠበቀ የሚያውቅ የለም። ቡሶላው ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከወፍራም ቱቦ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ሁለተኛው እስከ 10 ኪ.ግ. የሚመዝን፣ በሞላ የሚሠራ ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ጥቅሙን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

መፍታትና መመርመር

ጎማው ይወጣል። የፍሬን ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፤ ሲፈታ በፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰሩት። ቀጥሎ የሃቡ ክዳን፣ ከዚያ የዘንግ መያዣው ቀለበት፣ ከዚያ ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ክዳን የታሰረባቸው ስድስት ዳዶዎች ይፈታሉ። ዳዶዎቹ ከወጡም በኋላ ክዳኑ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ሾጣጣ ሮንዴላ ተጣብቆ ስለያዘው ነው። በካቻቢቴ አትጎርጉሩት። ክዳኑን በነሐስ ዘንግ በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ ስትመቱት ሮንዴላዎቹ ራሳቸው ይላቀቃሉ።

አሁን ትልቁ ዳዶ ታየ። የመቆለፊያውን ሮንዴላ ምላስ አቅኑ፤ የውጪውን ዳዶ፣ ሮንዴላውን፣ የውስጡን ዳዶ በተራ አውጡ። ሃቡን ከዲስኩ ጋር ስትስቡት የውጪው ኩሽኔታ ቀድሞ ይወድቃልና በእጃችሁ ተቀበሉት። የውስጡ ኩሽኔታ ከፓራኦሊዮው ኋላ ነው። የወጣው ሁሉ እንደ አወጣጡ ቅደም ተከተል በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርደር፤ የግራው ከቀኙ አይቀላቀል።

ከመታጠቡ በፊት ግሪሱን ተመልከቱ፤ ምስክሩ እሱ ነው። ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ጥቁርና የተቃጠለ ሽታ ካለው በሙቀት አልቋል። በጣት መካከል ሲታሽ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረት እየተላጠ ነው። እንደ ሾርባ የቀጠነ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከኩሽኔታው ያልፋል፦ የዲፈረንሻል ዘይት በውስጠኛው ፓራኦሊዮ በኩል እያመለጠ ወደ ጎማው መጥቷል ማለት ነው። ያንን ሳይዘጉ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደመወልወል ስለሚሆን፣ ሥራው ወደ ውስጥ ይቀጥላል።

ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ እጠቡትና አድርቁት። በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከራችሁ አትጫወቱበት፤ ሮለሩ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ሮለሮቹና ቀለበቶቹ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆኑ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው፤ ግሪስ ተሞልቶ ይመለሳል። የጠቃጠቆ ጉድጓድ፣ ዝገት፣ ሰማያዊ የቃጠሎ ቀለም ካለበት ይጣላል። ሲጣልም ሃቡ ውስጥ የቀረው ውጫዊ ቀለበት አብሮ ይጣላል። አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም አዲሱን በአሮጌው ቁስል መበከል ነው።

ዕቃ ስትገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የጃፓኖቹን ኮዮን፣ ኤንኤስኬንና ኤንቲኤንን፣ የአሜሪካውን ቲምከንን፣ የስዊድኑን ኤስኬኤፍን ስም የለጠፈ አስመሳይ ዕቃ በዓለም ገበያ ሁሉ አለ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ካርቶኑ የተለየ፣ ዋጋው ከሌላው እጅግ የወረደ ከሆነ ተዉት።

መግጠም

አሮጌው ቀለበት ከሃቡ በተቃራኒው በኩል በነሐስ ዘንግ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ በመምታት ይወጣል። ከዚያ ሃቡ ውስጡ ድረስ ይታጠባል። አዲሱ ቀለበት ቀጥ ብሎ ይግባ፤ በአንድ ጎን ከዘመመ ቁሙ፣ አውጡና እንደገና ጀምሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሲገባ የመዶሻው ድምፅ የታፈነ ነው፤ መቀመጫው ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይጠራል። ያንን ስትሰሙ ደርሷል።

ግሪሱ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ ባለ ቁጥር 2 ሊቲየም ይሁን። የተለያየ ዓይነት ግሪስ አይደባለቅ፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ውሃ ሆነው ይቀራሉ። ንጹሕ መዳፍ ላይ እፍኝ ግሪስ አድርጉና የኩሽኔታውን ወፍራም ጎን በእሱ ላይ እየጫናችሁ ግፉት። ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በላይ እስኪወጣ ድረስ ዙሪያውን አዳርሱ። ከላይ መቀባት ብቻ ዋጋ የለውም። በአቧራማ ቀን በሜዳ ላይ ይህን አትሥሩ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለአዲስ ኩሽኔታ በቂ ጠላት ናት። ፓራኦሊዮው ሃቡ በተከፈተ ቁጥር በአዲስ ይተካ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጭቃ ውሃውን የሚያቆመው እሱ ነው።

ልኩ

አሁን ሥራው ሁሉ የሚፈረድበት ቦታ ደረስን። ለላንድክሩዘር 80 የወጣው የጥገና መጽሐፍ የሚለው እንዲህ ነው። የውስጡን ዳዶ በ59 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ይህ በግማሽ ሜትር እጀታ ላይ 12 ኪ.ግ. መጫን ማለት ነው። ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ሃቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሩና እንደገና በዚያው ልክ አጥብቁ። ከዚያ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ድረስ አላሉት። በመጨረሻ በ5.4 ኒውተን ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከፊተኛው ከአሥር አንድ በማይሞላ ኃይል አጥብቁት።

ሚዛኑ የሚያስፈልገው አሁን ነው። መንጠቆውን ከጎማ ብሎኖቹ በአንዱ ላይ አንጠልጥሉና ወደሚዞርበት አቅጣጫ በቀስታ ሳቡ። ሃቡ መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ከ28 እስከ 56 ኒውተን፣ ማለትም ከ3 ኪ.ግ. አካባቢ እስከ 6 ኪ.ግ. ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ማንበብ አለበት። ካነሰ ላልቷል፣ ከበለጠ ጠብቋል። ሮንዴላውን አስገብታችሁ የውጪውን ዳዶ በ64 ኒውተን ሜትር ስታስሩት የውስጡን ስለሚገፋው ልኩ ይለወጣል፤ ስለዚህ በሚዛን እንደገና ለኩ። ልክ ሲሆን የሮንዴላውን ምላስ በሁለቱ ዳዶዎች ላይ፣ አንዱን ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ አጥፉ። ለሌላ መኪና ቁጥሩ ሌላ ነው፤ የራሳችሁን መጽሐፍ ፈልጉ። በእጅ ስሜት የሚያስር የዓመታት ልምድ ያለው መካኒክ አለ፤ እሱም ቢሆን ሚዛኑ ሲጨመርለት ይበልጣል።

ሌላው ሁሉ እንደ አፈታቱ ይመለሳል። መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ሸራው ከዲስኩ ስለራቀ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይገባል። አጭር መንገድ ሄዳችሁ ሃቡን ዳስሱ። አዲስ ኩሽኔታ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ስለሚደላደል፣ ያኔ በክሪክ አንሥታችሁ መወላገዱን ዳግም አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ለአሮጌዎቹ መኪኖች ነው። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታው ተዘግቶ የመጣ፣ በፕሬስ ኃይል ካልሆነ የማይገባ ነው። እነዚያን በግቢ ውስጥ በመዶሻ አትሞክሯቸው። ዘንጉ ራሱ ተፍቆ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ካገኛችሁትም ሥራው የጋራዥ ነው።

ማጠቃለያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል። ኤሌክትሪክ መኪና ጋይንትና እብናት ገጠር ድረስ እስኪዳረስ፣ በሽተኛ የሚያመላልሰው፣ ማዳበሪያና እህል የሚያጓጉዘው ያው አሮጌው ላንድክሩዘር ነው። እሱን ማቆየት ምርጫ መሆኑ ቀርቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ የፊት ሃቦቹን ክፈቱና ግሪሱን ተመልከቱ፤ ጥልቅ ውሃ የገባ መኪና ግን እስከ ጥቅምት አይቆይም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሁለተኛ፣ የተሠራበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሚዛኑ ያነበበውን ቁጥር በመኪናው ደብተር ላይ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ሰው ከግምት ይድናል። ሦስተኛ፣ አንድ ባለ 54 ቡሶላና አንድ ሚዛን በየቤቱ መገዛት አያስፈልገውም። የአንድ ሰፈር ባለመኪናዎች አዋጥታችሁ ግዙና በተራ ተጠቀሙበት። መኪናችሁን ጋራዥ ብትወስዱም ያንን ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩ ዳዶውን ሲያስር ፊታችሁ እንዲለካው ጠይቁ። ቁጥሩን የሚያውቅ ባለመኪና ሲበዛ፣ በስለት ብረትና በመዶሻ የሚያስር ጋራዥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ መኪናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወደ ውጭ እንውጣና ጎማውን አንሥተን እንየው።